ከወንፊት ቀጥሎ ያነበበው

መርማሪዋ ጫማዋን በራፍ ላይ ጠርጋ ሳትጨርስ ገዳዩን ታውቃለች። ይህን የሚመሰክርላት ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ናት። ለአዲስ ምልምል ፖሊስ ሁሉ ትናገረዋለች፤ ላልጠየቃትም ትናገረዋለች። «ሌላው መጽሐፍ ያነባል፣ እኔ ሰው አነባለሁ» ትልና አንገቷን ሰበቅ ታደርጋለች። ልቦለድ ማንበብ የሥራ ፈት ሥራ ነው ባይ ናት። የሕዋ መርከብ ያለበት ልቦለድ ከሆነማ ጭራሽ ስሙም አይነሳ።

ስለዚህ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ «ወንፊት» የሚባለው ጡረተኛ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሞቶ ተገኘ ተብላ ስትጠራ፣ ምንጣፉን ረገጥ ረገጥ አድርጋ ገባች፤ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ፈረደች።

ሬሳው መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነበር። አፉ ተከፍቷል። የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰው ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ቀኝ እጁ የሹራቡን ኪስ ወደ ውጭ ገልብጦታል። ሰውየው አስም ነበረበት። አስሙ ሲነሳበት በአፉ የሚምገው ፓፍ ከዚያ ኪስ ተለይቶ አያውቅም፤ ሹራቡን ለብሶ የሚተኛውም ለዚሁ ነበር። አሁን ግን ኪሱ ባዶ ነው። ፓፉ የተገኘው ወጥ ቤት፣ የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሹካዎቹ ሥር ነው፤ መድኃኒቱም አላለቀም። ወንበሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በላስቲክ የተለበጠ፣ በታይፕ የተጻፈ ጥራዝ ተቀምጧል። መርማሪዋ የሕዋ መርከብ ሥዕል ስታይ ፊቷን አዞረች።

ወንፊት የተባለው ሁሉን ነገር ስለሚያበጥር ነው። ችግሩ በእሱ ወንፊት በኩል ያለፈ ነገር አልነበረም። ደራሲ ሲነሳ «ይኼ ደግሞ» ይላል፤ ዘፋኝ ሲነሳ «ይኼ ደግሞ» ይላል፤ ጎረቤቱ ልጅ ሲወልድ እንኳ «ይኼ ደግሞ» ብሏል ይባላል። አብራው የምትኖረው የእህቱ ልጅ ብቻ ነበረች። የልብስ ስፌት ትማራለች፤ ምላሷም ከመቀሷ አያንስም።

መርማሪዋ ከዚህች ልጅ ሌላ ሰው አላስፈለጋትም። ሬሳውን ያገኘችው እሷ፣ ፓፉን ፋርማሲ ሄዳ የምትገዛው እሷ፣ ማንኪያ የምታጥበው እሷ፣ ቤቱ የሚቀርላት እሷ። ጎረቤቶች ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት ልጅቷ አጎቷን «አንድ ቀን ይኼ ምላስህ ያንቅሃል» ስትለው ሰምተናል አሉ። ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤት ነበርኩ አለች፤ አስተማሪዋ ግን በእረፍት ሰዓት ወጣ ብላ እንደነበር ተናገረች። ክር ልገዛ ነው የወጣሁት አለች። ማን ያምናታል።

መርማሪዋን ይበልጥ ያናደዳት ግን ልጅቷ አለማልቀሷ ነው።

«አጎትሽ ሞቶ ለምንድን ነው የማታለቅሺው?»

«ሲደርሰኝ አለቅሳለሁ» አለች ልጅቷ። «መሞቱ ገና አልገባኝም።»

«ውሰዷት» አለች መርማሪዋ። ፋይሉ ረቡዕ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል ተባለ። አንዴ ከሄደ ደግሞ ልጅቷ ፍርድ እስኪሰጥ ከእስር የምትወጣበት ቀዳዳ የለም፤ መርማሪዋም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቤቱ ታሸገ፤ መርማሪዋም ሄዳ ተኛች። እንቅልፍም ወሰዳት።

በማግስቱ እሑድ የጣቢያው ዘበኛ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። «የመጻሕፍት ሰዓት» የሚባለውን ዝግጅት የሚያቀርበው ሰው በሠፈሩ «ጉሮሮ» ይባላል፤ ከጉሮሮው ሌላ የረባ ነገር ስለሌለው። ጉሮሮ መጀመሪያ ስለ ውድ ወዳጁ ስለ ወንፊት ሞት ድምፁን እያንቀጠቀጠ አወራ። ቀጥሎ ወደ መጽሐፍ ገባ። መጽሐፉ «የሰማይ ዘብ» ነው። የሰማይ ዘብ ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ ሥራ ፈቶ ያየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ነው፤ ባለፈው ወር አልቋል። ከፊልሙ ባዕድ አገር መጽሐፍ ተሠራ፣ መጽሐፉን ደግሞ አንድ የሠፈር ሰው ተረጎመው፣ ፊልሙን ያየው ሁሉ አሁን መጽሐፉን እየተከራየ ይንቀዋል። ሰው አንዴ የናቀውን ነገር ደግሞ በጽሑፍ መናቅ ያምረዋል።

«ቴሌቪዥኑ ላይ ከመርከቧ ጋር በክብር የተቃጠለችውን አዛዥ» አለ ጉሮሮ፣ ቃሉን እንደ ማስቲካ እየጎተተ፣ «መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ጫማ ሰፊ አድርጓታል። ሰባት ፀሐይ አቋርጣ የመጣችው ሶል ልትለጥፍ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዓይንህን ለተሻለ ነገር ቆጥብ።»

ዘበኛው ሳቀ። መርማሪዋ ይህን ቆሻሻ ዝጋልኝ አለችው።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ክንዷ እንደ ጋጋሪ የፈረጠመ ሴት ጣቢያ ድረስ መጥታ የመርማሪዋን ጠረጴዛ በእጇ መታ መታ አደረገች። መጽሐፍ አከራይዋ ናት። ስለ ወንፊት ሞት የተሰማትን ሐዘን ባንድ ትንፋሽ ተናግራ ወደ ጉዳይዋ ገባች፤ ወንፊት ቤት የታሸገበት ጥራዝ የሷ ነው፤ ደንበኞቿ ሱቁ በር ላይ ተሰልፈው እየሰደቧት ነው፤ ይመለስላት። መርማሪዋ ከዚህች ሴት ጋር ከመከራከር በር መክፈት ይቀላል ብላ ረዳቷን ፖሊስ አስከትላ ይዛት ሄደች።

በመንገድ ላይ አከራይዋ የሥራዋን ነገር ዘርዝራ ነገረቻት። ተርጓሚው እየተረጎመ በታይፕ ይጽፋል፤ ያለቀለትን ክፍል ያመጣላታል። የካርቦን ወረቀት መግዛት ስለማይወድ ቅጂው አንድ ብቻ ነው። እሷ ትሰፋዋለች፣ ጀርባውን በሙጫ ታጣብቃለች፣ ላስቲክ ትለብጣለች፣ ከዚያ ታከራያለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያነበው ግን ወንፊት ነው፤ እሱ ደግሞ በነፃ። እሱ የተፋበትን መጽሐፍ ሰው ሁሉ ለምን እንደተፋበት ለማየት ይሻማበታል። የሰማይ ዘብን የመጨረሻ ክፍል ተርጓሚው ያመጣላት ያኔ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፤ ሰፍታ፣ ሙጫው ገና ሳይደርቅ ለወንፊት ወስዳ ሰጠችው። ልጅቷ ስፌት ቤት ሄዳ ነበር።

«አንቺስ አላነበብሽውም?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ እሰፋለሁ። ባነበው ኖሮ አላከራየውም ነበር።»

ቤት እንደገቡ አከራይዋ ጥራዙን አንስታ አገላበጠችና ተቆጣች። ወንፊት ያነበበውን ገጽ ሁሉ ጫፉን ያጥፋል። ስህተት ያገኘሁበትን ነው የማጥፈው ይላል፤ ስህተት ያላገኘበት ገጽ ስለሌለ ሁሉም ይታጠፋል። በዚህ ሁልጊዜ ይጣላሉ። አሁንም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ታጥፈዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ደህና ነው። አከራይዋን ያስቆጣት ሌላ ነው።

«ጀርባውን ተመልከቺ። ሙጫው ገና እርጥብ እያለ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍተው ሰብረውታል። ቢያንስ እስኪደርቅ አይጠብቅም? ማነው ይኼን ሁሉ ያነበበው?»

እጥፋቱ ወንፊት የት ላይ እንደቆመ ይናገራል፤ ሙጫው ደግሞ ከወንፊት ቀጥሎ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው እንደሄደ ይናገራል። ቤቱ ከቅዳሜ ምሽት ጀምሮ ታሽጓል። ረዳቷን ዞራ አየችው።

«እኔ ማንበብ አልወድም» አለ ፖሊሱ፣ በሌብነት እንደተጠረጠረ ሰው እየማለ።

መርማሪዋ አከራይዋን ውጭ ጠብቂኝ አለቻትና፣ ለማየት ያህል፣ ለሥራ ያህል፣ አንድ ገጽ ብቻ ገለጠች። ትንሽ ቆይቶ አከራይዋ አንኳኳች፤ «ቆይ» አለቻት። ደግማ አንኳኳች፤ «ቆይ አልኩሽ እኮ» አለቻት። ሰው አነባለሁ ባይዋ መርማሪ፣ ሬሳው ከተነሳበት ወንበር ትይዩ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ አዛዥዋ ከሚነድደው መርከብ በምን ብልሃት ትወጣ ይሆን እያለች ጥፍሯን ትበላ ነበር። አዛዥዋ ወጣች። አንዲት አቧራማ ዓለም ላይ አረፈች፤ ማንም የማያውቃት ከተማ ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ የሰው ጫማ መስፋት ጀመረች። አለቀ።

መርማሪዋ ጥራዙን ዘጋችና የዘበኛውን ሬዲዮ አስታወሰች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለዋወጠ። የታሰረችውን ልጅ ደግሞ አስታወሰች፤ እሷን ለማስታወስ ግን ትንሽ ጊዜ ወስዶባታል።

ሬዲዮ ጣቢያ ስትደርስ ጉሮሮ ለብ ያለ ውኃ እየተጉመጠመጠ ነበር። ከኋላው መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አለ። መርማሪዋ አንዱን መዘዘች፤ ከነማሸጊያ ላስቲኩ ነው፣ ገና አልተከፈተም፤ ሌላውንም መዘዘች፤ እሱም ከነላስቲኩ። ጉሮሮ በዚህ ሳምንት ወንፊት ቤት እግሩ እንዳልደረሰ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ተኝቶ እንደዋለ፣ በሐዘኑም እህል እንዳልቀመሰ ነገራት። የመጽሐፉን መጨረሻ ከየት እንዳወቀው ስትጠይቀው በአዘኔታ አያት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንበብ የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው በሚል ዓይን።

«ዋናውን በባዕድ ቋንቋ አንብቤዋለሁ» አለ። «ከዳር እስከ ዳር። ትርጉም አላነብም፤ ሆዴን ያመኛል።»

መልሱ ቀዳዳ አልነበረውም። መርማሪዋ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

ተርጓሚው የሚኖረው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ ትከሻው ታይፕ ላይ በመጎንበስ ብዛት ታጥፎ ቀርቷል። ክፍሉን ሞልታ የምታስፈራው ታይፑ ናት። መርማሪዋ ዋናውን መጽሐፍ አሳየኝ ስትለው ተሰብስቦ ተቀምጧል አላት፤ የት ስትለው ሩቅ አላት። ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋዜጣ አልነቀል አለ። ጋዜጣውን አነሳችው። መጽሐፉ ከሥሩ ነበር። ጀርባውን አገላብጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ተርጓሚው ሳይጠየቅ ትርጉሙ ዋናውን ቃል በቃል የተከተለ መሆኑን፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከራሱ እንዳልጨመረ ይምል ጀመር።

መርማሪዋ «አምናለሁ ጋሼ» አለችው፤ ማመኗን ግን ራሷም አላመነችም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አከራይዋ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንፊትና ወዳጆቹ፣ የሠፈሩ አንባቢዎች፣ በየሳምንቱ ተሰብስበው መጽሐፍ የሚያቦኩት እዚያ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ በተለበጡ መጻሕፍት ላስቲክ ያብረቀርቃል፣ አየሩ ሙጫ ሙጫ ይላል። ልጅቷን አንዲት ሴት ፖሊስ ይዛ አመጣቻት። ሦስት ሌሊት በወለል ላይ የተኛች ሰው ፊት ነበራት። ከአጎቷ ወዳጆች አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያትም። ነገ ፋይሉ ይሄዳል፤ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ጥፍሩን ያያል።

መርማሪዋ መሐል ቆመች። ገዳዩን ከመያዜ በፊት ስለ መጽሐፉ አስተያየት ልስማ አለች። ሰዎቹ ተያዩ። አከራይዋ ስለ መጽሐፉ ምንም አስተያየት እንደሌላት፣ ስለ ወረፋው ግን ብዙ እንዳላት ተናገረች። ተርጓሚው ራሱን ነቀነቀ። ጉሮሮ ግን ተነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሬዲዮ ላይ ያለውን ደግሞ አለው፤ ጫማውንም ሶሉንም። ጥቂት ሳቅ አገኘ።

መርማሪዋም ተያያዘችው። አስሙ ሰውየውን ገደለው፤ ይህ እርግጥ ነው። ግን የቆመ ትንፋሽ ፓፍ ወስዶ ከሹካ ሥር አይደብቅም። ፓፉን የወሰደው ሰው አብሮት ነበር። ሰውየው እስኪሞት ድረስም አልሄደም፤ ፓፉ ሲጎድል ወዲያው አይሞትምና ጊዜ ይፈጃል። ያ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ሠራ? አነበበ። ጥራዙን ከፍ አድርጋ እጥፋቱንና የተሰበረውን ጀርባ አሳየች። ወንፊት እዚህ ላይ ቆመ፤ ሌላው ከዚህ እስከ መጨረሻው ቀጠለ። ቅጂው አንድ ነው፤ ከዚያ ቤትም አልወጣም። ስለዚህ አዛዥዋ ጫማ ሰፊ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ያነበበ ሰው ነው።

ጉሮሮ ግን አልደነገጠም። ዋናውን በባዕድ ቋንቋ እንዳነበበው ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረ፤ ያልተማረ ሰው ፊት ነገር መደጋገም እንደሚያሰለች በሚያሳይ ፊት።

«ከዳር እስከ ዳር?» አለች መርማሪዋ።

«ከዳር እስከ ዳር።»

መርማሪዋ ወደ ተርጓሚው ዞረች። «ጋሼ፣ የመጽሐፉ መጨረሻ ዋናው ላይ እንዴት ነው?»

ተርጓሚው አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ቃል በቃል የሚለውን መሐላውን ሊጀምር አፉን ሲከፍት ልጅቷ አየችው። አጎቷ ቤት በየጊዜው እየመጣ ራቱን በልቶ የሄደ ሰው ነው። ሽማግሌው ተርጓሚ ነኝ ከማለት ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የያዘው ነገር አልነበረም፤ አሁን ያንኑ አውጥቶ ጣለው።

«እንዴት እንደሆነ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «መጽሐፉን መንገድ ላይ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው የገዛሁት። መጨረሻው ተገንጥሏል። የኋላ ሽፋን እንኳ የለውም። እንደ ቴሌቪዥኑ እንዳላቃጥላት... አሳዘነችኝ። ከራሴ ጻፍኩት።»

«ጫማ ሰፊነቱ?»

«ከራሴ ነው። ዓለም ላይ የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም። አሳፍሮኝ ለማንም አልተናገርኩም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ጠየቀ። «ያን ያህል መጥፎ ነው እንዴ?»

መርማሪዋ አሳላት። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ጉሮሮ ዞረ።

«ወንፊት ነው የነገረኝ» አለ ጉሮሮ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ድምፅ ሆነ።

«ወንፊት እዚያ አልደረሰም። ያላጠፈውን አላነበበም። ደግሞ አንተ ራስህ ቅዳሜ ተኝቼ ዋልኩ ብለሃል» አለች መርማሪዋ። እርስዎ የሚለው ቀርቶ አንተ ሆነ። አከራይዋ በዚህ መሐል ገባች፤ ባለፈው ስብሰባ ወንፊት ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሬዲዮ ላይ ራሴ እቀርባለሁ፣ ለሰው አፍ ማበደር ሰለቸኝ ብሎ ነበር። ያኔ ማንም አልገባውም። ጉሮሮ በአየር ላይ ሲያበጥር የኖረው በወንፊት ወንፊት ነው፤ የራሱ አስተያየት ኖሮት አያውቅም።

ጉሮሮ ተቀመጠ። ነገሩን ያወጣው እየተነጫነጨ ነው፤ እንደ ተበደለ ሰው። ሊለምነው ሄደ፤ ወንፊት ሳቀበት፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ አስሙ ተነሳ። ከኪሱ ሲመነጭቀው ፓፉ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«እኔ አልነካሁትም» አለ። «እግሬ ሥር መጣ።»

«አንተስ?»

«እግሬን አላነሳሁም።»

«ከዚያስ?»

ጉሮሮ ወለሉን አየ። «ወደሱ ማየት ከበደኝ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ ነበር። አነበብኩ።»

ፓፉን መሳቢያ ውስጥ የከተተው ኋላ፣ መጽሐፉን ጨርሶ ሲወጣ እንደሆነ ጨመረ። የወንፊት የእህት ልጅ ግን ያኔ ደረሳትና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚያለቅሰው። ተርጓሚው መሐረብ ፈልጎ አጣ፤ አከራይዋ የሙጫ መጥረጊያዋን ጨርቅ ሰጠቻት።

መርማሪዋ በዕድሜህ ሙሉ አንድ የራስህ አስተያየት ኖሮህ፣ እሱም አሳሰረህ አለችው ለጉሮሮ። ይህን ከጠዋት ጀምራ ስታዘጋጀው ነበር። ሲወስዱት ጓዳውን ዞራ ቃኘች፤ ረዳቷ ራሱን ነቀነቀላት፤ አንባቢዎቹም አጉረመረሙ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ሄደች። ሦስት ነገር ይዞ ወንጀለኛ ማግኘት ማንም የሚችለው እንዳልሆነ አስረዳቻት፤ አንድ እጥፋት፣ አንድ ጀርባ፣ አንድ ጫማ። ፋይሉም እንደሚቀደድ ነገረቻት። ሌላ መርማሪ ቢሆን ኖሮ ነገ ዐቃቤ ሕግ ፊት ነበርሽ አለቻት። አንገቷን ሰበቅ አድርጋ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ምስጋናዋን ጠበቀች።

ልጅቷ ፊቷን በሙጫ ጨርቁ ጠረገች።

«እርስዎ ባይመጡ ኖሮ መጀመሪያውኑ አልታሰርም ነበር። ቦርሳዬን ይስጡኝ።»